ከራስሽ በቀር

ዓርብ፣ ከምሽቱ አምስት ሰዓት፣ መናማ፣ ጉደይቢያ፣
ከልብስ ሰፊዎቹ በላይ፣ ከዝገታም ደረጃው ወዲያ፣
አንዲት ክፍል አለች፣ ግድግዳዋ በእንቁላል ትሪ የተለበጠ፣
ከሳምንቱ አንድ ሰዓቷ ለአማርኛ የተሰጠ።

ቁልፉን ቢጁ አቀበለኝ፣ የራሱን ፕሮግራም ጨርሶ፣
ፌደሮቹን በመዳፉ ጠራርጎ ወደ ዜሮ መልሶ።
«ስትወጣ ኤሲውን አጥፋ» አለኝ። ሁልጊዜም የሚለው ይኼንን ነው።
ገበታው ባዶ ነው። ከአንድ ልጀምር።

አንድ፣ የምንትዋብ ማይክ። ድምጿ ወፍራም ነው፤ ጌይኑን ዝቅ፣
ስትስቅ መርፌው ቀዩን እንዳይነካ፣ ሣቋ እንዳይሰነጠቅ።
ሁለት፣ ለእንግዳ። ዛሬ እንግዳ የለም፤
ቢሆንም ይሰካ፤ ባዶ ወንበርም ዝም አይልም።
አርባ ስምንት ቮልት ይፈልጋል፣ ሳይበላ የማይሰማ ጆሮ፣
እንደ አገር ሽማግሌ፣ በባዶ ሆዱ የማይቀመጥ ለእሮሮ።
ሦስትና አራት፣ ኮምፒውተሩ፤ ግራና ቀኝ፣ እንደ በሬ ጥማድ፣
አንዱ ቢጎድል ዘፈኑ እያነከሰ ይጀምራል መንገድ።
አምስት የቢጁ ነው። አልነካውም።

ስድስት ላይ እጄ ይዘገያል።
ስድስት ስልክ ነው።

ሥራ የጀመርኩ ሰሞን፣ «ላይን» የሚለውን ቁልፍ ረስቼ፣
የአንዱን ሰውዬ ሹክሹክታ እንደ መብረቅ ለቅቄ፣ ከወንበሬ ተነሥቼ፣
ቢጁ ሲስቅ ሲስቅ ቆይቶ፣ ግማሹን በእጁ፣ ግማሹን በዐረብኛ፣
የስልክን ሕግ አስተማረኝ፤ እሱም ተማሪ ነበር፣ እንደኛ።
«ለደዋይዋ ሁሉን ስጣት፤ ማይኩን፣ ሙዚቃውን፣ ሣቁን፣
አንድ ነገር ብቻ ንሣት፤ ራሷ የተናገረችውን።
ድምጿ ወደ ጆሮዋ ከተመለሰ ያፏጫል፣
ካፏጨ ደግሞ ቤቱ ሁሉ አብሮ ይጮኻል።»
በፕላስተር ጽፌ ከስድስት ሥር ለጠፍኩት፦
ከራሷ በቀር ሁሉን።

ቀዩ መብራት በራ። ሃያ ደቂቃ ሄደ። ስድስት ጠራ።
«ሄሎ፣ ማን እንበል?»
ውኃ ይንጠባጠባል። ፍሪጅ ያጉረመርማል።
ጌይኑን አነሣሁ፤ ሩብ ዙር፣ ሌላ ሩብ፣
በጨለማ ውስጥ ክር ወደ መርፌ እንደሚያስገባ ሰው።
መጀመሪያ ትንፋሽ መጣ። ከትንፋሹ ኋላ፣

«ረውዳ ነኝ። ከሪፋ። ማዳም ሳሎን ናት፣ መጮኽ አልችልም።
ዘፈን አልመርጥም።
ካወራሁ አራት ወሬ ነው፤ በአማርኛ ማለቴ ነው፣ ከአፌ አውጥቼ።
‹ሃዲር› ብቻ ነው የምለው። ‹ሃዲር፣ ሃዲር።›
በልቤማ ስለፈልፍ ነው የምውለው፤
ግን ሲወጣ ምን ይመስል እንደነበር ጠፋኝ።
በአላህ፣ ድምፄን መልሱልኝ፤
ለአፍታ። ልስማው።»

ምንትዋብ በመስታወቱ ውስጥ አየችኝ።
እኔ ፕላስተሩን አየሁ።

ስድስትን ወደ ስድስት የሚመልስ ትንሽ ቁልፍ አለ፤
እኔ ካወቅሁት ጀምሮ ተዘግቶ የኖረ፣ አቧራ የጠጣ።
በጥፍር ስፋት ከፈትኩት።

«ረውዳ» አለች።
«ረውዳ» አላት መስመሩ፣ ትንሽ ዘግይቶ።
«የሐርቡዋ።»
«የሐርቡዋ።»
ሣቀች፤ ሣቋ ሁለት ሆኖ ተመለሰ፣
ሁለቱ አራት፣
ከሥራቸው ፉጨቱ እንደ ማንቆርቆሪያ መነሣት ጀመረ፤
መርፌው ወደ ቀዩ፣ ጣቴ ቁልፉ ላይ፤
አንድ ትንፋሽ ጨመርኩላት። ሌላም አንድ።
ከዚያ ዘጋሁት።

መስመሩ ላይ ማንም የለም። ዘግታ ይሁን፣ ተዘግቶባት፣
ከገበታው ላይ ይህን የሚያሳይ መርፌ የለም።
ምንትዋብ ሰዓቱን ተናገረች፣ ሁለት ጊዜ።
ሦስትና አራትን ከፈትኩ።

በነጋታው ቢጁ ደወለ።
«ስድስት ላይ ማን ነው የነካው?
ዜሮ ላይ አላገኘሁትም።»
ረስቼ ነው አልኩት።
ኤሲውንም አላጠፋሁም ነበር።